ሳላነብ የፈረምኩበት ዝርዝር

እንጅባራ ውስጥ ሦስት ሆነን ሶፍትዌር በምንሠራበት ቢሮ የእኔ ድርሻ የሰው ኮድ መፈተሽ ነበር። ፕሮግራም ስንሠራ ሁሉንም ከባዶ አንጽፍም፤ ሌሎች ጽፈው በነጻ የለቀቋቸውን ኮዶች ከኢንተርኔት አውርደን ከራሳችን ጋር እናያይዛለን። ተንኮል ያለበት እንዳይገባ አንድ ሰው ማየት አለበት።

በእጅ ይሁን ብዬ የተከራከርኩት እኔው ነኝ። ባልደረባዬ፣ "መፈተሻ ፕሮግራም አለ እኮ፤ ራሱ ፈልጎ ይነግርሃል" ሲለኝ፣ "ማሽን የማያየውን እኔ አያለሁ" አልኩት። አለቃችን በእኔ ሐሳብ ተስማማ። ዝርዝር ታተመ፤ የየኮዱ ስም፣ ከጎኑ "ተነቧል" የሚል ሳጥን፣ ከታች የእኔ ፊርማ።

የመጀመሪያዎቹን ከልቤ አነበብኩ። ከዚያ ሰለቸኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ እስክሪብቶዬን አንስቼ ከላይ እስከ ታች ምልክት ማድረግ ለመድኩ። የጠየቀኝ አልነበረም።

ዳንግላ ላለ አንድ ክሊኒክ የሕሙማን መመዝገቢያ ሠርተን ነበር። አንድ ጠዋት የክሊኒኩ ኃላፊ፣ በዕድሜ እናቴን የሚሆኑ ነርስ፣ ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ ኢንተርኔታችን ቶሎ ቶሎ እያለቀ ነው። ይሄ ፕሮግራማችሁ የሚልከው ነገር አለ?"

"ኧረ ምንም አይልክም።"

ባልደረባዬ ንግግራችንን ሰምቶ መፈተሻውን አስኬደው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ቀይ መስመር ወጣ። ቀን መምረጫውን የምታሳየው ትንሿ ኮድ የሚጻፈውን ሁሉ እየገለበጠች ወደማናውቀው ቦታ ትልክ ነበር፤ ስም፣ ስልክ፣ በሽታ። ዝርዝሬን አወጣሁ። ከጎኗ የእኔ ምልክት አለ።

ጭራዋን አስረዝሜ የምጥላት፣ የምኮራባት ፊርማዬ አስጠላችኝ። አለቃችን ደግሞ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ "አስተካክሉና ዝም በሉ፤ እነሱ ምን ያውቃሉ?" አለ። ተጸየፍኩት። ግን ደግሞ ለአፍታ እፎይ ብያለሁ፤ ያ እፎይታ እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል።

ሚኒባስ ይዤ ዳንግላ ሄድኩ። ስለ ኮዷም ስለ ፊርማዬም ስነግራቸው ኃላፊዋ ጓንታቸውን እያወለቁ አዳመጡኝ።

"አይቼዋለሁ ብለህ ፈርመህ የለም እንዴ?"

"ፈርሜያለሁ።"

"አይተኸው ነበር?"

"አላየሁትም።"

ፊታቸውን አዞሩ። "መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ አጥፋልኝ። ከዚያ ለሕሙማኑ አንተው ራስህ ትነግራቸዋለህ።"

ሦስት ቀን ሙሉ ተራ መጠበቂያው አጠገብ ቆሜ ለመጡት ሁሉ ተናገርኩ፤ አማርኛ ለማይሰሙት ኃላፊዋ በአዊኛ ይደግሙላቸዋል። አንዳንዱ ተሳደበ፣ አንዳንዱ ነገሩ አልገባውም። አንዲት ሴት ግን፣ "ባለቤቴም ሊያየው ይችላል?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ሳትታከም ወጣች።

አለቃችን መሄዴን ሲሰማ ጮኸብኝ፤ ያንን ቢሮ ለቀቅኩ። አሁን በምሠራበት ቦታ መፈተሻው ጠዋት ጠዋት ራሱ ይሠራል፤ እሱ ያሳለፈውን አዲስ ኮድ ደግሞ ከፍቼ አነባለሁ። አዲሶቹ ባልደረቦቼ ጠንቃቃ ይሉኛል። ሲሉኝ ያቺ ሳትታከም የወጣችው ሴት ትታየኛለች።