ሰው ያልሞተበት ድንኳን

ወይዘሮ ሙሉጌጥ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሰፈራቸው እድር ንብረት ያዥ ከሆኑ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ስንት ሳህን እንደተሰነጠቀ፣ የትኛው አግዳሚ እግሩ እንደሚወላገድ ሳያዩ ይናገራሉ። ለሠርግ ድስት ተውሶ ጥላሸቱን ሳያስለቅቅ ያመጣ ሰው፣ ሙሽራው ራሱ ቢሆን፣ ከነድስቱ ከደጃቸው ይመለሳል።

ባጃጅ ሐዋሳን እንደ ጉንዳን በወረረበት ዓመት፣ ማዘጋጃ ቤት ከእድሩ እቃ ቤት ፊት ለፊት ያለውን ሜዳ ለታክሲና ለባጃጅ መናኸሪያ መረጠው። ሰፈርተኛው መኪና አልጠላም፤ በዚያ አቧራ ገበያ ድረስ በእግር መሄድ ማን ይወዳል? ግን ሜዳው የለቅሶ ድንኳን የሚተከልበት ብቸኛ ቦታቸው ነበር። ሽማግሌዎች ቀበሌ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ በሦስተኛው “ፀረ ልማት” የሚል ስም ተሸክመው መጡ።

ሐሙስ ቀያሾች እንደሚመጡ ሲሰማ፣ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ድንኳኑ ወጥቶ ይተከል አሉ። የእድሩ ዳኛ፣ ባለሱቁ አቶ አብዱልሃሚድ፣ ደነገጡ። ሰው ሳይሞት ድንኳን መትከል ሞትን በስሙ ጠርቶ መጋበዝ ነው ብለው ተከራከሩ።

“ሟርቱ በእኔ ይሁን” አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ። “ከመጣም እቃው የት እንዳለ አውቃለሁ።”

ሐሙስ ማለዳ ድንኳኑ ሜዳው መሀል ቆመ። አግዳሚዎቹ ሞሉ፤ ማንም አላለቀሰም፣ ማንም አላወራም። የቀያሾቹ መሐንዲስ በኃይሉ መሣሪያውን ከመኪና ሲያወርድ ድንኳኑን አየ። ሰው ያሳደገው ልጅ ነውና ለቅሶ ቤት አልፎ አይሄድም፤ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ ገባና “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” ብሎ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ አጠገቡ ያሉትን ወይዘሮ ሙሉጌጥን ማን እንዳረፈ በሹክሹክታ ጠየቃቸው።

“ገና ማንም አላረፈም፣ ልጄ። ያረፈ ዕለት የት እንደምንቀመጥ አንተ ንገረን።”

አቶ አብዱልሃሚድ ሳቃቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። በኃይሉ ቀና ብሎ ጣራውን ከዳር እስከ ዳር አየ። ከዚያ ሜትር አስመጥቶ የድንኳኑን ርዝመትና ስፋት ለካ፤ ቀብር ለሚሸኘው ሰው መቆሚያ ጨምሮ በአራቱ ማዕዘን ችካል ተከለ። መናኸሪያው ከችካሎቹ ወዲያ፣ ወደ አስፋልቱ ይጠጋ ብሎ አለቆቹን እንደሚያስረዳ ቃል ገባ።

ሰፈርተኛው እልል ሊል ሲዳዳው ወይዘሮ ሙሉጌጥ ገሠጹት። ቃል በወረቀት እስኪሰፍር ድንኳኑ አይነቀልም አሉ። ማኅተም ያረፈበት ካርታ በዘጠነኛው ቀን መጣ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ ድንኳኑ እንዲነቀል፣ ከመታጠፉ በፊትም አቧራው በደንብ እንዲራገፍ አዘዙ።