ጳጉሜን የረሳሁበት ፕሮግራም

በነገሩ ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን። እኔ፣ ቡታጅራ ሬዲዮና ስልክ እየጠገንኩ ፕሮግራም መጻፍን ከመጽሐፍ ብቻዬን የተማርኩ አባት፤ ወልቂጤ ኮምፒውተር ተምራ የተመረቀችው ልጄ፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ በማስፈልፈያ ሣጥን ጫጩት እያስፈለፈለች ልጆቿን የምታሳድግ ጎረቤታችን።

የሣጥኑን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከጥር እስከ ነሐሴ አንድ ቀን አልተሳሳተም። ጳጉሜን አንድ ጠዋት ጎረቤታችን አንድ እንቁላል ይዛ መጣች። ተቀቅሏል።

«መብራቱ ነው፣ ጋሼ። ሲሄድ ሲመጣ አበላሸው» አለች።

ዝም ብል እዚያው ያበቃ ነበር። እዚህ ጥፋት ሁሉ የመብራት ነው።

ከልጄ ጋር ተቀምጠን የጻፍኩትን መስመር በመስመር አየነው። ጳጉሜንን የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ እኔ ግን የወራቱን ሠንጠረዥ ከፈረንጅ መጽሐፍ ገልብጬ ስማቸውን ብቻ ቀይሬ ነበር። አሥራ ሁለት ቦታ። አሥራ ሦስተኛው ወር ሲገባ ፕሮግራሙ ከሠንጠረዡ አልፎ ጎኑ በተቀመጠው ቁጥር ላይ ጻፈ። ጎኑ ያለው የሙቀቱ ልክ ነበር።

«አባዬ፣ ፕሮግራሙን የጻፍክበት ቋንቋ ነው ጥፋተኛው። የእኔ ከቦታው ውጪ መጻፍን አይፈቅድም።»

«አሥራ ሁለት ያልኩት እኔ ነኝ። ቋንቋው ምን አደረገ? ያንቺስ ጳጉሜንን ያውቃታል?»

«ላሳይህ?»

በሁለት ቀን በእሷ ቋንቋ እንደ አዲስ ጻፈችው። ሣጥኑ ባዶ ስለነበር ለሙከራ ቀኑን ጳጉሜን ስድስት ብዬ ሞላሁለት። ፕሮግራሙ ስህተት አለ ብሎ ቀጥ አለ። ማሞቂያውም ጠፋ። በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣውን ስድስተኛዋን ቀን ረስታት፣ ጳጉሜንን አምስት ብላ ዘግታታለች።

«የእኔ ቀቀላቸው፣ ያንቺ በብርድ ሊፈጃቸው ነው» አልኳት።

«ያንተ ግን እየቀቀላቸውም ደህና ነኝ ይል ነበር።»

እውነቷን ነው። ዛሬ የምጽፈው በእሷ ቋንቋ ነው። ጥፋቴን ግን ለቋንቋ አልሰጥም፤ ማንም ቢለኝ አልሰጥም። ቋንቋው ቢያስቆመኝ መልካም፤ ማሰብ ያለብኝ እኔ ነኝ።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ ወደ ጎረቤታችን ልሄድ ስነሳ ልጄ በሩ ላይ ቆመች። «መብራት ነው ብላ አምናለች እኮ። ምናለ ብትተዋት?»

«አላደርገውም!»

ሄጄ እኔ ነኝ አልኳት። «እኔኮ መብራቱን ስረግም ነው የሰነበትኩት» አለችና ፊቷን አዞረች። በሚቀጥለው ዙር የሚገባውን እንቁላል እኔ እንደምገዛ ነገርኳት። እንቢ አላለችም፤ ይቅርም አላለችኝም።

የከፈልነው ይህ ነው፦ ሁለት መቶ አርባ እንቁላል፤ የእሷ የአሥራ ስምንት ቀን ልፋትና የልጆቿ የደብተር መግዣ፤ ፕሮግራሙን ስታርም ያለፋት የልጄ በዓል፤ የእኔ የሁለት ወር የጥገና ገቢ።