አርባ አምስት ኪሎ

ባለፈው ሳምንት ክሊኒክ ሄጄ ነርሷ፣ "ጫማሽን አውልቂና ሚዛኑ ላይ ውጪ" አለችኝ። ብረቱ ውስጥ እግሬን ሲነካው ቅዝቃዜው እስከ ጉልበቴ ወጣ፤ ወዲያው የከረጢት አቧራና የሙጫ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ክሊኒኩ ውስጥ ግን ከአልኮልና ከሳሙና በቀር የሚሸት ነገር አልነበረም። ነርሷ ቁጥሩን ጻፈችና ቀና ብላ፣ "ከሳ ብለሻል" አለች። አመሰግናለሁ አልኳት፤ ምን ልበላት?

በአገራችን "ከሳሽ" ሰላምታ ነው። ከሳሽ ካላሉሽ "ወፈርሽ" ይሉሻል፤ መካከለኛ ሰው አይታወቅም። አንጀቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ይህን ሰላምታ ዕድሜ ልኩን ሲቀበል ይኖራል። ክረምት ላይ ወፈርሽ፣ በጋ ላይ ከሳሽ፤ እኔው እያለሁ ስለ እኔ ይመካከራሉ። ከታመምኩ ሃያ ዓመት አለፈኝ፣ አሁንም ያናድደኛል። እንደ ነገሌው ዓመት ግን ተናድጄ አላውቅም። እሱን ልንገራችሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሐዋሳ የአንደኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። ሆዴን ጥቅምት ላይ ጀመረኝ። እስከ ጥር ድረስ ከክፍል ይልቅ መጸዳጃ ቤት ነው የዋልኩት። ሐኪሙ ረጅም የፈረንጅ ስም ወረቀት ላይ ጻፈልኝና፣ "አንጀትሽ ይቆጣል። መድኃኒቱ ያበርደዋል እንጂ አያጠፋውም፤ አብሮሽ የሚኖር ነው" አለኝ። ትምህርቴን ለዓመቱ አቋርጬ፣ ቀሚሴን ወገቤ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይዤ፣ ነገሌ ቦረና ከአውቶቡስ ስወርድ ሠላሳ ሰባት ኪሎ ነበርኩ። መናኸሪያ ሊቀበለኝ የመጣው አባቴ በአጠገቤ አልፎ ሄዶ ነው የተመለሰው።

አባቴ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ነገር በቁጥር ካልተነገረው አያርፍም። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ፣ "አርባ አምስት ኪሎ" አለ። "መስከረም ላይ አርባ አምስት ከገባሽ ትመለሻለሽ። ካልገባሽ እዚሁ እናትሽ አጠገብ ትቀመጫለሽ፤ ኮሌጁም ይቅር።" ኮሌጁ ቦታዬን የሚይዝልኝ ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር። ስምንት ኪሎ ካላመጣሁ ትምህርቴ አበቃ ማለት ነው።

ቤታችን ሚዛን አልነበረም። ጎረቤታችን ሐጂ ዘንድ ግን ነበር። ሐጂ እህልና የዛፍ ሙጫ የሚነግዱ፣ ሱቃቸው ከበራችን ፊት ለፊት የሆነ ሽማግሌ ናቸው። በጎልማሳነታቸው የከብት ደላላ ነበሩ። በሬ ዙሪያውን አንዴ ዞረው ካዩት ኪሎውን ይነግሩሃል ይባል ነበር፤ ከሜጋና ከዱብሉቅ ድረስ የሚመጡ ነጋዴዎች ከሚዛን ይልቅ የእሳቸውን ዐይን ያምኑ እንደነበር አባቴ ይናገር ነበር። ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ከረጢት የሚመዘንበት፣ ቀለሙ የለቀቀ ትልቅ የብረት ሚዛን ነበር። አባቴ አነጋገራቸውና በየቅዳሜው ጠዋት እኔ እዚያ ላይ እንድወጣ ተወሰነ።

እስቲ አስቡት። የገበያ ቀን ነው። ቀዩ አፈር ገና አልሞቀም፤ አህያው ያናፋል፣ ወተት ሻጮቹ በጭስ የታጠነ ዕቃቸውን ደርድረዋል፣ ሰዉ ተሰልፏል። አንድ ከረጢት ሙጫ ይመዘናል፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ሁለት ከረጢት ቦሎቄ።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ? ናጋ?" ይሉኛል ሐጂ፣ ደህና አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

"ናጋ፣ ሐጂ።"

"ጫማ አውልቂ። ጫማ ሥጋ አይደለም።"

ብረቱን እያንሸራተቱ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ለሙጫው እንደሚያደርጉት። ከዚያ ገበያው አስተያየቱን ይሰጣል። አንዷ ወተት ሻጭ አንገቴን አይታ ከንፈሯን ትመጥጣለች። አንዱ "ጨጓራ ነው" ይላል። ነገሌ ውስጥ ከአንገት በታች ያለ በሽታ በሙሉ ጨጓራ ነው። አንጀት ነው ብዬ ሳስረዳ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉና፣ "እኮ፣ ጨጓራ" ይሉኛል። ተልባ ጠጪ ያሉኝ አሉ። ፌጦ ያመጡልኝ አሉ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው። የሐጂ ባለቤት ደግሞ ከፊልቱ ያስመጡትን የግመል ወተት በታጠነ ዕቃ ላኩልኝ፤ የጭሱ ሽታ እንዴት ደስ ይል ነበር! አንድ ኩባያ ጠጥቼ ሁለት ቀን ተኛሁ።

ወዲያው ዐቢይ ጾም ገባ። የነፍስ አባታችን ቤት ድረስ መጥተው አዩኝና፣ "ይቺ ልጅ ምኗን ነው የምትጾመው? ትብላ፤ እኔ ፈቅጃለሁ" አሉ። እናቴ ጉልበት ስማ እስከ በር ሸኘቻቸው። በሩ ላይ ቆመው ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ለማወቅም አልፈለግሁም። እንቁላል ተፈቅዶልኝ ነበርና ደስ ብሎኝ ነበር።

እናቴም ፈቃዱን ስታገኝ ያዝ የሚላት ጠፋ። ጠዋት በቅቤ የራሰ ገንፎ፣ አራት ሰዓት ላይ እንቁላል፣ ምሳ ዱለት፣ ማታ ቅልጥም። ሰፈሩ በሽሮ ሽታ ሲታጠን የእኛ ቤት ብቻ እንደ ፋሲካ ይሸታል። እኔም አርባ አምስት የምትል ቁጥር ዐይኔ ላይ ተለጥፋ ሁሉንም በላሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንጀቴ ተነሣ። አምስት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም። ቅዳሜ ሚዛኑ ላይ ስወጣ ሠላሳ ስድስት።

ሐጂ ቁጥሩን ጮክ ብለው አልተናገሩም። እናቴን ወደ ጥላው ወሰዷት፤ እኔ ሚዛኑ ላይ እንደ ቆምኩ ነበር፣ ሰማኋቸው።

"እህቴ፣ ላም ከድርቅ ስትወጣ አይተሻል? ዝናብ መጣ፣ ለምለም ሣር በቀለ። ያላወቀ ሰው ደስ ይለውና ይለቃታል። ትበላለች፣ ትበላለች፣ ሆዷ ይነፋል፣ ትሞታለች። የቦረና ሰው አይለቅም። ትንሽ አብልቶ ይመልሳል። ደግሞ ትንሽ።"

"አንቱም ልጄን ከላም ያወዳድሯታል?" አለች እናቴ። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ወርውራ ጥላኝ ሄደች። በማግስቱ ግን ገንፎው ጠፍቶ በትንሿ የቡና ስኒ አጥሚት ቀረበልኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግማሽ ድንች። ደግሞ ቆይቶ አንድ እንቁላል፣ ያለ ቅቤ። ሐጂ ትክክል ናቸው አላለችም፤ እስከ መጨረሻውም አላለችም።

እንደዚያ ነው ሥጋዬ መመለስ የጀመረው፤ በቡና ስኒ። ለአንጀቴ መልካም ነበር፣ ለትዕግሥቴ ግን አልነበረም፤ ምክንያቱም በቀን ስምንት ጊዜ መብላት ማለት በቀን ስምንት ጊዜ በእናቴ ዐይን መታየት ነው። ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። ማንኪያው ከሳህኑ ሲነሣ ዐይኗ አብሮ ይነሣል፣ አፌ ሲገባ የእሷም ጉሮሮ ይውጣል። አብረሽኝ ብይ ስላት፣ "በልቻለሁ" ወይም "ቆይ፣ ይደርሳል" ትላለች። ከዚያ ብድግ ብላ መቀነቷን ፈትታ እንደገና ጠበቅ አድርጋ ትጠመጥመዋለች። ሥራ ልትጀምር ነው እል ነበር።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን፣ ደመናው ከብዶ አየሩ ሲያንቅ፣ ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ማንኪያውን ወርውሬ፣ "እማዬ፣ ዐይንሽን ከሳህኔ ላይ አንሺልኝ!" ብዬ ጮህኩባት።

ዐይኗን አነሣች። ማንኪያውን ከመሬት አንሥታ አጥባ መለሰችልኝና ወደ ጓሮ ወጣች። ይቅርታ አልጠየቅኋትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የተበደልኩት እኔ ነበር የሚመስለኝ።

ነሐሴ ሲጋመስ አርባ ሁለት ደረስኩና እዚያው ላይ ቆምኩ። ሁለት ቅዳሜ ንቅንቅ የለም። አባቴ የቀረውን ቀን ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። ስለዚህ በሦስተኛው ቅዳሜ ከቤት ሳልወጣ በፊት ውሃ ጠጣሁ፤ አንድ ጆግ ሙሉ። ስራመድ ሆዴ ውስጥ ይንቦጫረቃል። ሚዛኑ ላይ ወጣሁ፣ አርባ አራት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ሐጂ ብረቱን ትተው ሆዴን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ እንደገና ሆዴን አዩ።

"ኢንተላ፣ በሬ ሻጭ ጨው አልሶ፣ ውሃ አጠጥቶ ነው ገበያ የሚያመጣው። አርባ ዓመት እሱን ሳይ ነው የኖርኩት። ሂጂ፣ ሽንትሽን ሸንተሽ ተመለሺ።"

ገበያው ሁሉ ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የእውነቱ አርባ ሁለት ተኩል ሆኖ ተገኘ፤ ሐጂ ግን ጠጋ ብለው፣ "ተኩሏ ያንቺ ናት፣ አትፍሪ፤ የቀረችውም ትመጣለች" አሉኝ።

መጣችም። በመስከረም የመጨረሻው ቅዳሜ አባቴ ክራቫት አስሮ፣ እናቴ ነጠላዋን አገልድማ፣ ሦስታችንም ሐጂ ደጃፍ ደረስን። ውሃ አልጠጣሁም፤ ምራቄን እንኳ ልውጥ ፈርቼ ነበር። ብረቱ ቀዘቀዘኝ። ሐጂ አንሸራተቱ፣ መለስ አደረጉ፣ እንደገና አንሸራተቱ።

"አርባ አምስት! ውሃ የለውም፤ ንጹሕ ሥጋ ነው" አሉ።

ወተት ሻጮቹ እልል አሉ። አባቴ እጄን ይዞ ከሚዛኑ አወረደኝ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ሐጂ እናቴን ያዩ ነበር፤ በሬ እንደሚያዩት፣ ከአንገት እስከ እግር።

"አሁን አንቺ ውጪ" አሏት።

"እኔ ደግሞ ምን ቤት ነኝ?" አለች፣ ነጠላዋን እየሰበሰበች።

"ውጪ ግድ የለም።"

"አልወጣም አልኩ፣ ሐጂ።"

ሐጂ ወደ አባቴ ዞሩ። "መምህር፣ ልጅቷ ስምንት ኪሎ ጨመረች፤ እሱን በሚዛን አወቅን። የእናቲቱን ያለ ሚዛን እኔ ልንገርህ። ከስምንት በላይ ቀንሳለች። ቤታችሁ አንዷ ከድርቅ ወጥታ አንዷ እየገባች ነው።"

ዞሬ አየኋት። ስምንት ወር ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የነበረችውን ሴት ያን ጠዋት ነው ያየኋት። የአንገቷ አጥንት ወጥቷል። ጉንጯ ገብቷል። መቀነቷ በፊት ሁለት ዙር ይዞራት የነበረው አሁን ሦስት ዙር ዞሮ ጫፉ ተርፎ ተንጠልጥሏል። አባቴ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ፤ የቆሸሸ ነገር አልነበረበትም።

መንገድ ላይ አፋጠጥኳት። መጀመሪያ ካደች። በራችን ላይ ስንደርስ፣ "አንቺ የተውሽውን ጾም ማን ይጹመው? ሜዳ ላይ ይቅር?" አለች።

ለካ ያን ቀን በር ላይ የነፍስ አባታችንን የለመነችው ይህንን ነው። እሳቸው አያስፈልግም ብለዋት ነበር፤ እሷ ግን ፈቃድ የሰጧት አድርጋ ቆጠረችው። ዐቢይ ጾምን፣ የሐዋርያትን፣ ፍልሰታን፣ ረቡዕና ዓርቡን የራሷን እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ የእኔን ደግሞ እስከ ጀንበር መጥለቂያ ጾማለች። እኔን በቀን ስምንት ጊዜ እያበላች፣ ራሷ እህል ሳትቀምስ፣ ማንኪያዬን በዐይኗ ስትከተል ትውል ነበር።

አልቅሼ አቀፍኳት ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ጮህኩባት። "ማን ጹሚልኝ አለሽ? ማን?" እያልኩ ሰፈሩ እስኪወጣ ጮህኩ። እሷም ጮኸችብኝ። ሐጂ ከማዶ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ያዩን ነበር። በሦስተኛው ቀን ሐዋሳ ሄድኩ፤ አውቶቡሱ ሲነሣ ሁለታችንም ተኮራርፈን ነበር።

እሷ ሥጋዋን መልሳ አገኘች። እኔም አጥቼው፣ አግኝቼው፣ እንደገና አጥቼው እዚህ ደርሻለሁ፤ ሐኪሙ እንዳለው አብሮኝ ይኖራል። አባቴም ሐጂም አለፉ። እናቴ ስትደክም ወደ እኔ ቤት አመጣኋት። የመጨረሻውን ዓመት ምግብ እንቢ አላት። አጥሚት በቡና ስኒ እያደረግሁ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ አበላኋት።

አንድ ቀን ማንኪያዋን አስቀምጣ በዚያ በከሳ ፊቷ አየችኝና፣ "ልጄ፣ ዐይንሽን ከሳህኔ ላይ አንሺልኝ" አለች። ቃል በቃል። ያን ሁሉ ዓመት ይዛው ኖራለች። ከዚያ ሳቀች፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ያኔ ነው ይቅርታ የጠየቅኋት። "ብይ ይልቅ" አለችኝ።

አሁን ብቻዬን እበላለሁ፤ በቀን ስምንት ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ። ሳህኔን የሚያይ፣ ማንኪያዬን የሚከተል ሰው የለም። እንዲያ ጮኼ የለመንኩት ይህንን ነበር።