አባቴ የሳቀ ዕለት

ትናንት የልጅ ልጄ ራዲዮ ሲከፍት አኮርዲዮን ሰማሁና እንባዬ መጣ።

ነገሩ የጣሊያን ጊዜ ነው። ሸዋ ሮቢት የሰፈሩት ጣሊያኖች በበዓላቸው ፊታቸውን በጭንብል ሸፍነው፣ የሌላ ሰው ልብስ ለብሰው ይጨፍሩ ነበር። ሸማኔው አባቴ ፎጣ ይሸምንላቸው ስለነበር ተጠራ። ታናሽ ወንድሙ ሰይድ አርበኛ ሆኖ ዱር ከገባ ወዲህ አባቴ ስቆ አያውቅም። መቅረት ግን ያስጠረጥራል፤ እኔን ይዞ ሄደ።

በዚያ በቀትር ሙቀት አንዱ ወፍራም ጣሊያን የሴት ቀሚስ ለብሶ በአኮርዲዮን ዜማ ሲውረገረግ አባቴ ሳያስበው ሳቀ። ትከሻው ላላ ሲል አይቼ ደስ አለኝ።

ከዚያ አንድ ጭንብል ያጠለቀ ጣሊያን ኩታ ለብሶ መጣ። ሳያውቅ ጥለቱን ለቅሶ እንደተቀመጠ ሰው ወደ አንገቱ አዙሮታል። ያን ቀይና ጥቁር ጥለት አባቴ ለሰይድ ሲሸምነው አጠገቡ ነበርኩ።

"አባ፣ የአጎቴ..."

እጄን ጨምቆ ያዘኝ። "ሳቅ፣ ልጄ። ዝም ብለህ ሳቅ።"

የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ፣ "አንተ ሸማኔ፣ ልብሳችሁ አላማረበትም?" አለው።

"ማሻአላህ! ከእኛም ይበልጥ አምሮበታል" አለና አባቴ ከሁሉም ጮክ ብሎ ሳቀ።

ቤታችን ደጃፍ ስንደርስ የራሱን ኩታ ጥለት ወደ አንገቱ አዞረው። እናቴ አየችው። ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን በሻሿ አፈነች።

"አባባ፣ ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት?" አለኝ ትናንት የልጅ ልጄ።

"አጎቴን ነው" አልኩት። "ያኔ ድምፅ አውጥተን አላለቀስንለትም።"