ጦሳ የጋረዳት ፀሐይ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው ይሆን? ተምርና ሳምቡሳ ከመብላት በቀር ምንም አልተደረገበትም። ብቻ ግን ረመዳንን ከእናቴ ቤት፣ ከኮምቦልቻ ርቄ ስጾም የመጀመሪያዬ ነበርና ደሴ ላይ ብቻዬን ማፍጠር አስፈርቶኝ ነበር።

የዶርም ጓደኛዬ ክርስቲያን ናት፤ ያኔ ሁዳዴን ትጾም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ አይታ ተምር ይዛልኝ መጣች።

«እንኪ፣ ጠለቀች!»

«አልጠለቀችም፤ ጦሳ ጋርዷት ነው። አዛን ይበል።»

«ውሸታም ተራራ!»

«አንቺማ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ተፈቅዶልሻል፤ ብዪ።»

«አንቺ እያየሽኝ? ወላሂ አይወርድልኝም!»

«ወላሂ»ን ከእኔ ነው የለመደችው። ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አዛን እስኪል አብራኝ ጠበቀች። ሰኞ ገበያ ከሚባለው ሰፈር የምንገዛው የምስር ሳምቡሳ ለሁለታችንም ጾም የሚስማማ ስለሆነ ከአንድ ሳህን እንበላ ነበር። እናቴ ማታ ማታ እየደወለች «ከማን ጋር አፈጠርሽ ልጄ?» ትለኛለች።

«ከጿሚ ጋር» እላታለሁ። አልዋሸኋትም።

የመጨረሻዋን ሳምቡሳ ለሁለት የተካፈልነው የዒድ ጨረቃ ታየች በተባለበት ምሽት፣ ረመዳን ሃያ ዘጠኝ ነበር።