የእናቴ የቁም ተዝካር

እናቴ በተቀበረች ዕለት ያልሰማሁት ሙገሳ የለም። «እንደሷ ያለ ባለሙያ ከእንግዲህ አይገኝም» አሉ። «እጇ ይጣፍጥ ነበር፤ ለሰው ስትደክም ኖራ አረፈች» አሉ። ይህን ከሚሉት አብዛኞቹ ሲበሉ የኖሩ ናቸው፤ የሚመሰክረው ሆዳቸው ነው። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ ከዚያ ሁሉ አመስጋኝ መካከል አንድ ቀን «አንቺ ቁጭ በይ፣ ዛሬ እኔ ልሥራ» ያላት ሰው ይኖር እንደሆን ፊታቸውን እያየሁ ስፈልግ ነበር። አላገኘሁም።

በእኛ አገር፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል ሲኬድ ባለው ገጠር፣ አንዲት ሴት «ባለሙያ ናት» ከተባለች አለቀላት። ሠርግ ሲሆን ትጠራለች፤ ክርስትና ሲሆን ትጠራለች፤ ማኅበር ደርሶበት ሚስቱ የታመመችበት ሰው በር ላይ ቆሞ ይለምናታል። እናቴ ጎረቤት ሲደግስ የራሷን ቤት ለእኛ ለልጆቿ ጥላ ትሄዳለች። ስትመለስ ዓይኗ በጭስ ቀልቶ፣ ቀሚሷ ዘይትና በርበሬ ጠጥቶ ነው። ገና ሳትቀመጥ «ወጡን እንዴት አድርገው እንዳመሰገኑት ብትሰሚ!» ትለኛለች። «አንቺስ በላሽ?» ስላት «ኧረ የት ጊዜ አግኝቼ» ትላለች፤ ያም እንደ ሙያ ይቆጠር ነበር። በድግስ ላይ ስትበላ ያያት ሰው የለም።

በዚህ እናቴንም አልምራትም። ምስጋና ትወድ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጣቱን ልሶ «እጅሽ ይባረክ» ካላት የወገቧ ሕመም የለቀቃት ይመስላታል። ሰዎቹም ይህን ደህና አድርገው ያውቁ ነበር። በነፃ የምትሠራ ሴት በምስጋና ትያዛለች፤ ምስጋና ደግሞ ከአፍ የሚወጣ ነገር ነው፤ ማንንም አያደክምም።

አባቴ ለጋስ ሰው ነበር ይባላል። ልግስናው እንግዳ መጥራት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የመንደሩን ሽማግሌዎች አስከትሎ ይመጣና ገና ከአጥሩ ደጃፍ «ኧረ ለእንግዳ የሚሆን ነገር አቅርቡ!» ይላል። ሲናገር ለሰማው ቤቱ አሽከር የሞላበት ይመስላል። ያለችው እናቴ ብቻ ናት። ላሟን የምታልበው እሷ፣ ውኃውን የምትቀዳው እሷ፣ አረሙ ሲደርስ ከእሱ ኋላ ጎንበስ ብላ የምትውለው እሷ፣ እኛን ስድስቱን ልጆች አጥባ፣ አብልታ፣ ቀጥታ ያሳደገችው እሷ። ስሙ የወጣው ግን የአባቴ ነው። «የእሱ ቤት ገብቶ ጾሙን የወጣ የለም» ይሉ ነበር፤ ቤቱ የማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

አባቴ ሲሞትም ነገሩ አልተለወጠም። በተዝካሩ ዕለት እናቴ ጥቁር ለብሳ ዳሱ ውስጥ ከሐዘንተኞች ጋር ተቀምጣ ነበር። ካህናቱ ገና ቦታ ሳይዙ አክስቴ፣ የአባቴ እኅት፣ ከማድቤት መጥታ «ቁሌቱ ሊያርብን ነው፣ አንድ ጊዜ ብቅ በይ» ብላ በጆሮዋ ነገረቻት። እናቴ እጅጌዋን ጠቅልላ ገባች፤ እስከ ማታም አልወጣችም። ከሩቅ አገር ሊያጽናናት የመጣ ዘመድ ሲፈልጋት ውሎ ያገኛት ትልቁን ድስት ስታማስል ነው። ባሏን የቀበረች ሴት የባሏን ተዝካር ከጓዳ ሆና በድምፅ ሰማችው። የበላው ሰው እየወጣ ጢሙን እየጠረገ «ነፍስ ይማር፤ ወጡ ግን ወጥ ነው!» ሲል ሰማሁት። በዚያ ቀን አለቀስኩ ብል ውሸት ነው፤ የተሰማኝ መጸየፍ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ እናቴ ደብረ ማርቆስ ለምሠራው ለእኔ ስልክ ደወለች።

«የቁም ተዝካሬን ላወጣ ነው» አለችኝ።

የቁም ተዝካር ማለት ሰው ሳይሞት ተዝካሩን ራሱ ደግሶ ሲያበላ ነው። ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያደርገው ልጅ የሌለው፣ ወይም ልጅ እያለው የማያምነው ሰው ነው። እኔም ቅር ብሎኝ «ምነው፣ እኛን አታምኚንም እንዴ?» አልኳት።

«ማመንስ አምናችኋለሁ። የአባትሽን አላየሁትም፤ የኔን እንኳ ተቀምጬ ልየው ብዬ ነው።» አለችና ቀጠለች፤ «አንድ ነገር ቃል ግቡልኝ። እኔ ከተቀመጥኩበት አልነሣም። ወጥ አልቀምስም፣ ጋን አልከፍትም። እንደ ሰው ተጠርቼ እንደ ሰው ይቅረብልኝ።»

እናቴ በዕድሜዋ ሙሉ ከእኛ የጠየቀችው ይህን ብቻ ነው።

ወንድሞቼ አዲስ አበባ ናቸው። ትልቁ ስለ እናቱ ሲናገር ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ በተለይ ሰው ሲያየው። በእናቶች ቀን ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ ይለጥፍና «ጀግናዬ» ብሎ ይጽፍበታል። እናቴ ፌስቡክ የሚባለውን አታውቀውም። እሱ በስልክ «ሰው ምን ይላል? ልጆቿ አይደግሱላትም ብላ ነው አይባልም?» እያለ ሲጨነቅ ሰነበተ። ሲሸነፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። እኔ ከማርቆስ ምግብ የሚያዘጋጁ ሰዎች እናምጣ ብል «የእናቴን ተዝካር ባዕድ አይሠራውም!» ብሎ ጮኸ። ይህን የሚለው ሽንኩርት ከየትኛው ጫፉ እንደሚላጥ የማያውቅ ሰው ነው። ሥራውን የምንሠራው እኔ፣ የእሱ ሚስትና አክስቴ መሆናችንን ግን ሲያዝ አላፈረም። የነፍስ አባቷ ወዲያው ፈቀዱ፤ እሳቸው ድግስ ሲባል እንቢ ያሉበትን ቀን አላስታውስም።

የዝግጅቱ ሰሞን እናቴ ግቢው ውስጥ ከግድግዳው ሥር ዱካ ላይ ተቀመጠች። ተቀመጠች ስል እንዲሁ እንዳይመስላችሁ፤ ከሥራ የከበደ መቀመጥ ነበር። እጆቿን ጋቢዋ ውስጥ ደብቃ፣ ከማድቤት ድምፅ በተሰማ ቁጥር አንገቷ ይዞራል። የሚያር ነገር ሲሸታት ከወገቧ ብድግ ትልና ተመልሳ ትቀመጣለች። «አልገባም» ትላለች፤ ግቢ ያላት ሰው ሳይኖር። አንድ ጊዜ ከጋኑ አጠገብ ቆማ አየኋትና «ምን ልታደርጊ ነው?» ስላት «ስሄድ መንገዴ ላይ ሆኖ ነው» አለችኝ። መንገዷ በዚያ በኩል አልነበረም። እጇን ይዤ ወደ ዱካዋ መለስኳት።

እኛ ማድቤት የገባነው ሴቶች ደግሞ ጉዳችን የወጣው በጨው ነው። የወንድሜ ሚስት ለወጡ ጨው ጨመረች። አክስቴ «የከተማ ሴት እጇ ጨው ይፈራል» ብላ ከኋላዋ ጨመረችበት። እኔ የሁለቱንም ሳላይ፣ ጨው የተረሳ መስሎኝ፣ ሌላ ጨመርኩ። ማናችንም አልቀመስንም፤ በዚያ ቤት የሚቀምሰው ሰው ምንጊዜም አንድ ነበርና ሌላው ሰው መቅመስ እንዳለበት ትዝ ያለው የለም። ድስቱ ከእሳት ሲወርድ ሦስታችንም እርስ በርሳችን ተመሰጋገንን።

ዳሱ ሞላ። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከካህናቱ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ካህናቱ ጸሎት አደረሱ፤ ክርስትና ስሟም ተጠራ። በሰው ፊት እንዲህ ስሟ ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ምግቡ ለካህናቱና ለሽማግሌዎቹ ቀረበ። እሷ ለራሷ ገና አልቀረበላትም፤ እኔው ላቀርብላት ተስማምተን ነበር።

የመጀመሪያው ሽማግሌ ጎርሶ ማላመጡን አቆመ። ሁለተኛው ወደ ጠላው እጁን ሰደደ። ትንሽ ቆይቶ ዳሱ ሙሉ የሚሰማው የማላመጥ ሳይሆን የመጠጣት ድምፅ ሆነ። ጨው የበዛበት ሰው ጠላ አይበቃውም፤ ቀጂዎቹ እየሮጡ ጋኑን አራቆቱት። ወጡን የሚነካ ጠፋ፣ ጠላው ሊያልቅ ደረሰ። ያኔ የሆነውን መቼም አልረሳውም፤ ሰው ሁሉ፣ ቄስ ሳይቀር፣ አንገቱን አዙሮ እናቴን አየ። ተዝካሩ የእሷ መሆኑ ተረስቶ፣ የሚታያቸው ገብታ የምታስተካክለው ሴት ሆነች።

ወንድሜ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ ጎንበስ አለላት።

«እማዬ፣ አንዴ ብቻ… ወጡን እይልን። ወዲያው ትመለሻለሽ።»

እኔ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዤ ከምሰሶው አጠገብ ቆሜያለሁ። የነጠላዋን ጫፍ ስትሰበስብ አየኋት። እግሯ ጫማዋን ሲፈልግ አየሁት። ተነሣች በቃ፣ አልኩ፤ ይህን ሕዝብ ከነወንድሜ ዳሱን አፍርሼ ልጭንበት ተመኘሁ።

አክስቴ ደግሞ ከማድቤቱ በር ላይ ሆና፣ ሰው እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ «አንቺ እያለሽ እንዲህ ያለ ውርደት! ተነሺ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች።

የእናቴ እግር ቆመ።

«እኔ የት አለሁ፣ እቴ?» አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። «ተዝካሬን አይደል እንዴ የምትበሉት? ሞቻለሁ እኮ። የሞተ ሰው ወጥ ሲሠራ የት አይታችኋል?»

አንዲት አሮጊት «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። መጀመሪያ የሳቁት የነፍስ አባቷ ናቸው፤ ዋንጫቸው በእጃቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ለእሳቸው የነበረኝ ግምት በዚያች ሰዓት ትንሽ ተሻሻለ፤ ብዙ ግን አይደለም።

ወንድሜ ፊቱ ቀልቶ «ታዲያ ምን ይሻላል?» አላት።

«እሱን በሕይወት ያላችሁት ታውቃላችሁ» አለችው።

ሄዱ። ምን ምርጫ ነበራቸው? አክስቴ እያጉረመረመች ወደ ድስቱ ተመለሰች። ወንድሜ ኮቱን አውልቆ ውኃ ሊያመላልስ ጀመረ፤ ባልዲ አያያዙን ያየ የጎረቤት ሴት ሁሉ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሚስቱ ጨው የሌለው ቁሌት እንደገና አቁላልታ ከጨዋማው ጋር ደባለቀችው። የሚበላ ነገር ሆነ፤ ከዚያ በላይ ግን አልሆነም። እንግዶቹ ሲወጡ «ልጆቿ አዋረዷት» ሲሉ ሰማሁ። በዚያ ዳስ ውስጥ ያልተዋረደች ሰው እሷ ብቻ እንደነበረች የገባው የለም፤ እንዲገባቸውም አልደከምኩም።

ለእናቴ ያቀረብኩላት ግን ሰው ገና ሳይወጣ፣ ወጡ እየተንተከተከ ሳለ፣ በቀጥታ ከድስቱ አውጥቼ ነው። እጇን አስታጠብኳት። እንደ ሕፃን ልጅ መሐረብ ጉልበቷ ላይ አነጠፍኩላት፤ አልተቃወመችም። ቆርሳ ጠቀሰችና ጎረሰች፤ ቶሎ አፏን ከፍታ ትንፋሽ ሳበች።

«ጨው አሁንም በዝቶበታል» አለችኝ።

ሳህኑን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ በሁለት እጇ ያዘችብኝ። ደግማ ጎረሰች። ሌላ ሰው እንዳይሰማን ይመስል ወደ ጆሮዬ ተጠግታ ጠየቀችኝ።

«በየድግሱ እንዲህ ትኩሱን ነው የምትበሉት?»

«አዎ፣ እማዬ» አልኳት።

ቀና ብላ ከካህናቱ ጀምራ እስከ በሩ ድረስ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አየች። ከዚያ መብላቷን ቀጠለች።