ክሩ በአንዴ የገባ ቀን

አክስቴ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ጡረታ የወጣችው ለቀኑ ብቻ ነበር። ቀን ቀን ከቤታችን ፊት ለፊት ባለችው ክፍል የከፈተቻት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ በራሷ የስፌት መኪና፣ የራሷን ሥራ ስትሠራ ትውላለች። እንቅልፍ ሲወስዳት ግን ወዲያው ያው አዳራሽ፣ ያው ማለቂያ የሌለው ጠርዝ። ከኋላዋ ደግሞ «እህም» ቆሟል።

«እህም» ሰው ነው። የስፌት መስመራቸው አለቃ ነበር። ጮኾ አያውቅም፤ ከማጅራትሽ ሥር መጥቶ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ በቃ፣ ያ ከጩኸት ይብሳል። አንገቱ ላይ በገመድ የእንጨት ቁራጭ አንጠልጥሏል። ሽንት ቤት መሄድ የፈለገች ሴት እጇን አውጥታ ያንን እንጨት መለመን አለባት፤ እንጨቱን ያልያዘች ከወንበሯ አትነሳም። ለመስመሩ ሁሉ አንድ እንጨት! እሱ መጀመሪያ ስፌትሽን ያያል፣ ቀጥሎ ሰዓቱን ያያል፣ ከዚያ «እህም» ብሎ ያልፋል። አክስቴ በህልሟም እጇን እንዳወጣች ይነጋባታል።

ስትነሳ ትከሻዋ ደርቆ፣ ጣቶቿ ተቆልምመው ነው። ቀን ሥራ ላይ ዓይኗ ይከደናል። አንዴ የአንዲት ሚዜ ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ፣ ሴትዮዋ ልብሷን ነጥቃ ወጣች፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ይቀሩ ጀመር።

«ቀኔን በደሞዝ በላው፣ ሌሊቴን ደግሞ በነጻ!» አለችኝ። «እንቅልፌን ካላስመለስኩ ይቺን ሱቅም ይወስድብኛል።»

መቼም ህልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም። አንድ ቀን አንድ የእንቅልፍ ሐኪም በሬዲዮ ሲናገር ሰማች። ሰው እንደተኛ «ይሄ እኮ ህልም ነው» ብሎ ማወቅ ይችላል አለ፤ ያወቀ ሰው ደግሞ እንደ ልቡ ይሆናል፣ ቢያሻው ይበራል። ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ህልምን ማስታወስ መልመድ፤ ለዚህም ሲነቁ ሳይነቃነቁ የህልሙን ጭራ መያዝ። ከዚያ ቀን ቀን «ነቅቻለሁ ወይ?» እያሉ ራስን መፈተን፤ ልማዱ አድሮ አድሮ ህልም ውስጥ ይገባል።

«ትዕግሥት ከሆነ የፈለገውን ያህል ይጠይቀኝ» አለች። «ያን እንጨት ስጠብቅ የኖርኩ ሴት!»

እንዲህ ብላ ገባችበት። ጠዋት ጠዋት ዓይኗን ጨፍና እንደ ሬሳ ተዘርግታ አገኛታለሁ።

«እትዬ፣ ነጋ እኮ።»

«አትንኪኝ! ይፈስብኛል!»

ጆሮዬን አስጠግቼ እጠብቃለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምትለቅመው ፍርፋሪ ብቻ ነበር።

«ቡናማ ነገር ነበረ» ትላለች።

«ቡናማ ምን?»

«ቡናማ ነዋ! አታስቸኩይኝ!»

አንዳንድ ቀን ያችም የለችም። እኔ ብሆን በሳምንቱ ትቼው ነበር። እሷ ግን ባዶ ሲሆንባት «እሺ፣ ነገም እተኛለሁ» ብላ ትነሳለች። ከወራት በኋላ ከቡናማው ነገር የአዳራሹ በር ወጣ፣ ከበሩ መኪናው፣ ከመኪናው መርፌው። መርፌው ላይ ስትደርስ ዓይኗን በረገደች።

«ክሩ በአንዴ ገባልኝ!» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። ክር ትልሳለች፣ ትጠመዝዛለች፣ የክሩን ዘር ማንዘር ትሳደባለች፤ በአንዴ ግን ገብቶላት አያውቅም። በህልሟ ግን ሁሌም በአንዴ ይገባል። መፈተኛዋን አገኘች። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ መርፌ ባነሳች ቁጥር «ነቅቻለሁ ወይ?» ትላለች። ክሩ ሲስታት «ነቅቻለሁ፣ ምን ያደርጋል!» ብላ ታጉረመርማለች።

ጎረቤታችን ጫማ ሠሪው በዚህ ሲስቅ ይውላል።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» ይላል በሩ ላይ ቆሞ።

«አንተ የምድሯን ላምህን ወተት አሳየኝና ዝም እላለሁ» ትመልስለታለች።

አንድ ጠዋት አልጋዋን እየደበደበች አገኘኋት። በህልሟ ክሩ በአንዴ ገብቶ፣ ህልም መሆኑን አውቃ፣ ከደስታዋ ብዛት «ያዝኩህ!» ብላ ስትጮህ ጊዜ ነቅታለች። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። እኔ ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን አንሶላውን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገች። «ሁለተኛ አልጮህም። መጀመሪያ ጨርቁን አጥብቄ እይዛለሁ፣ ልቤ እስኪረጋ። ከዚያ ነው የምናገረው።»

አሁን ወደኔ ልምጣ። የምሠራው መነጽር ቤት ነው። የአክስቴ ዓይን ሲያሳዝነኝ ስለኖረ፣ አስመርምሬ አዲስ መነጽር አሠራሁላትና ከቀትር በኋላ ሱቅ ድረስ ወሰድኩላት። እያጉረመረመች አጠለቀችው። ወዲያው አንድ ሽማግሌ ሱሪ በፌስታል ይዞ ብቅ አለ። ጫማውን በሩ ላይ ጠረገና

«እህም» አለ።

አክስቴ ደርቃ ቀረች። እጇ እንደ ልማዷ መርፌውን አነሳ። ክሩን ሰደደችው። ገባ። በአንዴ።

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። አልጮኸችም። የያዘችውን ጨርቅ በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገች፣ ተነፈሰች፣ ቀስ ብላ ተነስታ ቆመች።

«መጣህ?» አለችው። ሽማግሌን አንተ ስትል ሰምቻት አላውቅም። «ዛሬ እጄን አላወጣም። ቆመህ ትሰማኛለህ። ያን ቀን ታምሜ ሦስቴ እጄን አውጥቼ፣ ሦስቴ አየኸኝ፣ ሦስቴ ጉሮሮህን ጠርገህ አለፍክ። እዚያው ወንበሬ ላይ አመለጠኝ። እርጥብ ቀሚሴ ላይ ተቀምጬ እስከ ማታ ሰፋሁልህ። ሴቶቹ ሁሉ እያወቁ አንገታቸውን ደፉ፣ አንተን ፈርተው! የገዛ ሽንቴን ካንተ እየለመንኩ ኖርኩ። ከእንግዲህ ማታ እንዳትመጣብኝ። እንጨትህንም ይዘህ ጥፋ!»

ይህን ነገር ለእኔም ነግራኝ አታውቅም። አብሬያት እየኖርኩ! ዓይኔ እንባ ሞላ። ጫማ ሠሪው መዶሻውን እንዳነሳ በሩ ላይ ቀርቷል።

አክስቴ ሰውየው እስኪተን ትጠብቃለች። ሰውየው ፌስታሉን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣

«የትኛዋ ነሽ?» አለ።

ይሄኔ ነው የነቃችው። የህልሙ እህም መቼም ያውቃታል፣ በየሌሊቱ ይመጣባት የለ! ዞራ እኔን አየች፣ መዶሻውን አየች። መነጽሩን አውልቃ ሌላ መርፌ ሞከረች፤ ሳታት። አጠለቀችው፤ ገባ።

«ነቅቻለሁ» አለች ቀስ ብላ።

እኔ በድንጋጤ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ህልም መስሏት እኮ ነው...» ስል ቆጣ ብላ አቋረጠችኝ።

«ማን ይቅርታ አለ? የተናገርኩት ህልም መስሎኝ ነው። የተናገርኩት ነገር ግን ህልም አይደለም፣ የሆነ ነው!» ወደ ሰውየው ዞረች። «ከመስኮቱ አጠገብ ያለችው ነኝ።»

ሽማግሌው ጉሮሮውን ሊጠርግ ሞከረ፤ አልወጣለትም። «እኔ... ሱሪ ላሳጥር ነበር» አለ።

«ይቁሙ፣ ልለካዎት።» አንተ የተባለው አለቃው ነው፤ ደንበኛው እርስዎ ነው። ሜትሯን ዘርግታ ለካችው፣ የፌስታሉን ሱሪ እግሩ ላይ አስጠግታ ስፒል ሰካችበት። እሱም ስፒሉን እያየ እንደ እንጨት ተገትሮ ቆመ። ሱሪውን አሳምራ ሠራችለት፤ ሊወስደው ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ እስክትጠራው ጠበቀ። ይቅርታ አላለም። እሷም አልጠበቀችም።

ያ ሁሉ ሆኖ ህልሙ ግን ወዲያው አልቆመም። ጫማ ሠሪው «በእውኑ ነገርሽው አይደል፣ አሁንስ ምን ቀረሽ?» ቢላት «እንቅልፌ ነዋ!» አለችው። ማታ መነጽሯን አውልቃ ትተኛለች፣ ጠዋት እንደ ሬሳ ተዘርግታ ትለቅማለች። ቀን ቀን ደግሞ፣ ለፈተናው ብላ፣ መርፌ ስታነሳ መነጽሩን ታወልቀዋለች። ልፋቴን አፈር አበላችው፤ እኔም አልተቀየምኳት።

አንድ ጠዋት ተኝታ ቆየች። ሱቅ መክፈቻው አልፏል። ብገባ ፈገግ ብላ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ክሩ ገባ» አለች ሳትነቃነቅ። «አልጮህኩም። ጨርቁን ይዤ ቆየሁ። ዞር ብል ከኋላዬ ማንም የለም። እንጨቱ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።»

«ከዚያስ?»

«እንጨቱን ሳልነካ ተነስቼ ወጣሁ።»

«ወዴት? በረርሽ?»

«ሽንት ቤት ነዋ!» አለችኝ። «ገብቼ ቁጭ አልኩ፣ እስኪበቃኝ። ምነው፣ ምን ያስቅሻል? አንሶላው ደረቅ ነው።»

ሳቄ እንባ ሆነብኝ። «ኧረ እትዬ፣ መብረር እያለልሽ?»

«እበራለሁ፣ ሌላ ጊዜ። ምን ያስቸኩለኛል?»

በዚህ መሃል ደንበኛ የሱቁን በር ማንኳኳት ጀመረ። አክስቴ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዋ ሳበችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።